ሞልቶ የማይፈሰው ባሩድ

ሮልፍ ሃውገን ያን ቅዳሜ ጠዋት የባሩዱን ጣሳ ሦስት ጊዜ መዘነው። ሦስቱንም ጊዜ ሚዛኑ ቃሉን አላጠፈም። ጣሳው ውስጥ መገኘት ከነበረበት የአንድ ጥይት ልክ ባሩድ ጎድሏል።

አንድ የሽጉጥ ጥይት የሚጎርሰው ባሩድ በሁለት ጣት ቆንጥረው የሚያነሡት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጣሳውን ከድኖ ወደ ቁርሱ ይሄድ ነበር። ሮልፍ ግን ጋራዡ ወለል ላይ በጉልበቱ ተንበረከከና በባትሪ መፈለግ ጀመረ። ከጠረጴዛው ሥር አየ፣ ከምንጣፉ ሥር አየ፣ መጥረጊያውን ሳይቀር ነጭ ወረቀት ላይ አራገፈው። የግራ ዓይኑ ሞራ ከተገፈፈለት ገና ሁለት ሳምንቱ ስለሆነ በፕላስቲክ ክዳን እንደተሸፈነ ነው። በአንድ ዓይኑ የሚያየውን ስላላመነው ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰው። አንዲት ፍሬ ባሩድ አላገኘም።

ባሩዱ ካልፈሰሰ ደግሞ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ማክሰኞ ዕለት ከሞላቸው መቶ ጥይቶች አንዱ የሁለት ጥይት ባሩድ ይዟል። መቶዎቹም ጥይቶች ዛሬ ከዳርላ ኩንትዝ ጋር ናቸው። ዳርላ ደግሞ ሃምሳ ማይል ርቃ፣ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆ፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ውድድር ላይ ትተኩሳለች። ሰዓቱን አየ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኗል።

ሮልፍ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ራስተን በምትባል፣ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ባለች የስንዴ ከተማ ተወልዶ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የእህል ጎተራው ሚዛን ላይ የኖረ ሰው ነው። ገበሬው የጫነውን መኪና ሚዛኑ ላይ ያቆማል፣ ሮልፍ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ማንም ደግመህ መዝን ብሎት አያውቅም። "ሮልፍ መዝኖታል" ከተባለ ክርክር የለም። ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ጥይት መሙላትን ያለ አስተማሪ ተማረ። በአንድ የበረዶ ወር መጽሐፍ ገዝቶ፣ ያልገባውን ቃል ከመዝገበ ቃላት እየፈለገ፣ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወዲህ የተተኮሰ ቀለህ አይጥልም። ያጥበዋል፣ ቅርጹን ይመልስለታል፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥል አዲስ መለኮሻ ከሥሩ ይተክልበታል፣ ባሩድ ይለካለታል፣ አረሩን ከላይ ይገጥምለታል።

ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠቀመው አንድ ባሩድ ብቻ ነበር። ፍሬው ሰፋ ያለ፣ ቀላል፣ እንደ ገለባ የሚንሳፈፍ ባሩድ ነው። አንድ ልክ ሲጨመር ከቀለሁ ግማሽ በላይ ይሞላል። በስሕተት ሁለተኛ ልክ ቢጨመር ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ስለዚህ የሮልፍ እጅ ዓይን አያስፈልጋትም ነበር። ባሩዱ ራሱ "በቃኝ" ይላታል። መጽሐፉ ከእያንዳንዱ አረር በፊት ቀለሁ ውስጥ በመብራት ተመልከት ይላል። ሮልፍ በመጀመሪያው ዓመት ተመለከተ፣ በሁለተኛው ዓመት አልፎ አልፎ ተመለከተ፣ ከዚያ ተወው።

ባለፈው ዓመት ፋብሪካው ያንን ባሩድ መሥራት አቆመ። የመጨረሻው ጣሳ ሲጋመስ ሮልፍ ሦስት አዳዲስ ባሩዶች ገዛና በረዶው እንደቀለጠ ወደ ጠጠር ማውጫው ጉድጓድ ይዟቸው ወረደ። ዳርላም አብራው ወረደች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ባሏ ዌንደል የሮልፍ የቅርብ ጓደኛ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት ስድስት ጎራሽ ሽጉጡን ሸጣ ትገላገለዋለች ሲባል እሷ ተኩስ ተማረችበት። ለዌንደል ይሞላ የነበረው ሮልፍ ለእሷም መሙላቱን ቀጠለ።

የመጀመሪያውን ባሩድ ሲሞክሩ ጭሱ ዒላማውን ሸፈነው። ሽጉጡም እጃቸውም ጠቆረ።

"እየኝማ ሮልፍ!" አለች ዳርላ መዳፏን ዘርግታ። "ከሰል ስጭን የዋልኩ አልመሰልኩም? በዚህ እጄ ሳንድዊች አልበላም።"

"ዌንደል በዚህ እጅ ሦስት ሳንድዊች ይበላ ነበር።"

"ዌንደል ከመሬት አንሥቶም ይበላ ነበር። እሱን አታምጣብኝ።"

ሁለተኛው ንጹሕ ነበር፣ ግን ጠባይ አልነበረውም። ሮልፍ ባሩድ የሚፈትንበት መንገድ አለው። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ባሩዱ ቀለሁ ውስጥ ወደ ኋላ እንዲሰበሰብ ካደረገ በኋላ ዝቅ አድርጎ ይተኩሳል። ቀጥሎ አፈሙዙን ወደ መሬት ደፍቶ ባሩዱ ወደ ፊት እንዲሄድ አድርጎ እንደገና ይተኩሳል። የፍጥነት መለኪያው በሁለቱ መካከል ብዙ ልዩነት ካሳየ ያ ባሩድ አይታመንም። ሁለተኛው ወደ ኋላ ሲሆን ይጋልባል፣ ወደ ፊት ሲሆን ያነክሳል።

ሦስተኛው ደቃቅና ከባድ ነው፣ እንደ ጥቁር አዝሙድ። ወደ ላይም ወደ ታችም ቢሉት ግድ የለውም። ከመጽሐፉ ዝቅተኛ ልክ ተነሥተው ቀስ እያሉ ሲወጡ ፍጥነቱ አልተዛነፈም፣ ቀለሁ ንጹሕ ወጣ፣ የዳርላ ስድስት ቀዳዳዎችም በአንድ የቡና ስኒ አፍ ውስጥ ገቡ። የሮልፍ ልብ በዚያ ቀን ተሰጠ። መጽሐፉ ይህ ባሩድ ቀለሁ ውስጥ ብዙ ቦታ ስለማይይዝ ድርብ ልክ እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረው። ሮልፍ አንብቦታል። ይህ ለጀማሪ የተጻፈ ነው ብሎ ገጹን ገለጠ።

ማክሰኞ ዕለት በአንድ ዓይኑ መቶውን ሲሞላ ሚስቱ አርሊስ ከወጥ ቤት ተጣራች። የዓይን ሐኪሙ ቢሮ ስልክ ላይ ነበር። ቀለሁን ከባሩድ መስፈሪያው ሥር እንደያዘ ነበር የተጠራው። ጣውላው ላይ አቁሞት ሄደ፣ ስለ ቀጠሮው ተነጋገረ፣ ተመልሶ ያንኑ ቀለህ አነሣና ባሩዱን የሚያወርደውን እጀታ ሳበ። ከመሄዱ በፊት ስቦት ነበር? አሁን ጋራዡ ውስጥ ቆሞ እጁን ጠየቃት። እጁ አታስታውስም። ዓይኑ ስለደከመች ጣሳውን መልሶ መመዘኑን ለቅዳሜ ያሳደረውም ያን ዕለት ነው።

"አርሊስ!" ብሎ ጮኸ። "ቁልፉን አምጪ!"

ሚስቱ በሌሊት ልብሷ በሩ ላይ ታየች። "የምን ቁልፍ? መንዳት ክልክል ነው ተብለሃል።"

"የምትነጂው አንቺ ነሽ።"

"በሌሊት ልብሴ?"

"ካፖርት ደርቢበት። ዳርላ እጇን ልታጣ ነው።"

አርሊስ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ሮልፍ ትንሿን ሚዛንና አረር መንቀያውን ይዞ ፒክአፑ ውስጥ ሲገባ ሞተሩ ተነሥቶ ነበር።

ሮልፍ በመጀመሪያዎቹ አሥር ማይሎች ውስጥ የዳርላን ስልክ አራት ጊዜ ደወለ። አራቱንም ጊዜ የዳርላ ድምፅ መልእክት እንዲተው ነገረው። ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ አወጣ፣ መልሶ ከተተ። ሚዛኑን ከጭኑ ወደ ወለሉ አወረደ፣ ከወለሉ ወደ ጭኑ መለሰ።

"ቁጭ በል እንጂ!" አለች አርሊስ። "ጉንዳን የወረረህ ትመስላለህ። እርግጠኛ ነህ?"

"አላውቅም።"

አርሊስ ዞር ብላ አየችው። "አርባ ስድስት ዓመት ስንኖር ይህን ቃል ካፍህ ሰምቼ አላውቅም።"

"መንገዱን እዪ።"

"ዓይንህ እስኪድን ጠብቅ ብዬህ ነበር።"

"ብለሽኛል።"

"ዳርላ የተሠራ ጥይት ከሱቅ ትግዛ ብዬህም ነበር።"

"እሱንም ብለሽኛል አርሊስ። ንጂ።"

"ምን አልክ? የሮልፍ ሃውገን ጥይት እያለ ማን ከሱቅ ይገዛል አልክ።"

ይህን ሲሰማ አንገቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የታጨደው ስንዴ ቅሪት እስከ ሰማዩ ጫፍ ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። ከፊታቸው አንድ የእህል ማጨጃ የመንገዱን ሙሉ ወርድ ይዞ ይንፏቀቃል። አርሊስ ጥሩምባ ነፋች። ነጂው የሚያውቁት ገበሬ ነበርና ሰላምታ መስሎት በደስታ እጁን አውለበለበ።

"ሰላምታ ይሰጠናል እኮ!" አለ ሮልፍ ዳሽቦርዱን እየደበደበ። "ይህ ሰው ከሃያ ዓመት በፊትም እንዲሁ ነበር! ሚዛን ላይ መኪናውን አቁሞ ስለ ላሞቹ ያወራ ነበር!"

አርሊስ መሪውን ጠመዘዘችና ሁለቱን ጎማዎች ሣር ላይ አውጥታ በጠጠር ናዳ አለፈችው። ቅሪ ቢሏት የማትቀር ሴት ናት። ሮልፍ በእጁ በሩን ጨምቆ በልቡ ይቆጥራል። ሦስት ሰዓት ሆነ። አሁን ደንቡን ያነባሉ። ሦስት ከአምስት፣ መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ ያደርጋሉ። ሦስት ከአሥር፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ጥይቶች ይወጣሉ። አንድ ጊዜ በሌላ ከተማ ድርብ ልክ የጎረሰ ሽጉጥ አይቷል። ከበሮው ለሁለት ተሰንጥቆ የላይኛው ብረት እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ክዳን ተገልጦ ነበር። የሰውየውን እጅ አላየም። በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር።

ሸለቆው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ተኩሱ ተሰማ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ሮልፍ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተ። አርሊስ "እግርህን!" ስትለው እግሩ መሬት ላይ ነበር።

የዚያ ሜዳ ሕግ አንድ ነው። ማንም ይሁን ማን፣ ሕፃንም ቢሆን፣ "ተኩስ አቁም" ካለ ሁሉም ያቆማል።

"ተኩስ አቁም! ተኩስ አቁም!"

ድምፁ እንደ ጎተራው ዘመን ወጣ። በረድፍ የቆሙት አሥራ ሁለት ሰዎች ሽጉጣቸውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመው ወደ ኋላ ተራመዱ። ዳርላ ከግራ አራተኛዋ ነበረች። ሁለቱም እጆቿ ነበሩ። ሮልፍ ቆጠራቸው።

ውድድሩን የሚመራው ቨርን ፔሽካ የጆሮ መሸፈኛውን አንገቱ ላይ ጥሎ መጣ። ጥይት የሚገዛው ከሱቅ ነው፣ በዚህም ከሮልፍ ጋር ሲፎካከሩ ዓመታት አልፈዋል።

"ምንድን ነው ሽማግሌው? ላም ገባብን?"

ሮልፍ ትንፋሹ ስላጠረው በእጁ ወደ ዳርላ አመለከተ። "ጥይቶቿ። አትተኩስባቸው።"

ቨርን ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየው። የዓይኑን መሸፈኛ አየ። ከዚያ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ፣ መለኮሻው ብልሽት ነበረበት እላለሁ። ያጋጥማል። ሌላ ማወቅ ያለበት የለም።"

ደግ ቃል ነበር። ሮልፍ ለአፍታ ያህል ቃሉ ሲያቅፈው ተሰማው። ከረድፉ ሰዎች ግማሹ ያንኑ መለኮሻ የሚጠቀሙ ናቸው። ሮልፍ ሃውገን ተበላሽቷል ብሏል ከተባለ ነገ ሁሉም ሣጥናቸውን ይጥላሉ። ምክንያቱም ሮልፍ መዝኖታል።

"መለኮሻው ደኅና ነው" አለ ሁሉም እንዲሰማ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ስሞላ ተቋርጬ ነበር። ካንዱ ቀለህ ውስጥ ሁለት ልክ ሳልጨምር አልቀረሁም። ቀለሁን አልተመለከትኩም።"

 ነፋሱ የዒላማዎቹን ወረቀት ያርገፈግፋል። ከዳር የቆመ አንድ ጎልማሳ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማየት ጀመረ። ሮልፍ ያ ሰው ቢስቅበት ይመርጥ ነበር።

"ስንት ተኩሰሻል?" አለ ወደ ዳርላ ዞሮ።

"ሃያ።" ፊቷ ነጥቷል። "አራት ከበሮው ውስጥ አሉ።"

"አውጫቸው። ቀስ ብለሽ።"

አንዱ ጥይቶቹን ለምን አትመዝናቸውም፣ ድርቡ ይከብዳል አለ። ሮልፍ ራሱን ነቀነቀ። የቀለሁና የአረሩ ክብደት ከአንዱ ወደ አንዱ የሚበላለጠው ከባሩዱ ልክ በላይ ስለሆነ ሚዛን ድርቡን አይለየውም። መንቀል ብቻ ነው መድኃኒቱ። መንቀያው መዶሻ ይመስላል። ጥይቱን ጫፉ ውስጥ አስረው እንጨት ላይ ሲመቱት አረሩ በራሱ ክብደት ይነቀልና ባሩዱ ውስጡ ይቀራል። ሮልፍ ጉቶ ፈልጎ ተንበረከከ።

"ወዲህ በለው" አለች ዳርላ መዶሻውን ነጥቃ። "በአንድ ዓይንህ ጣትህን ትቀጠቅጣለህ።"

"ዳርላ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

"አውቃለሁ። ለዚህም ነው እኔ የምመታው። መምታት እፈልጋለሁ።"

ነፋሱ ሚዛኑን አላስቆም ስላለ ፒክአፑ ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዘጉት። ዳርላ ውጪ ትመታለች፣ ሮልፍ ባሩዱን የሚዛኑ ገበታ ላይ ያፈሳል፣ አርሊስ ካፖርቷን በሌሊት ልብሷ ላይ እንደጠቀለለች ቁጥሩን ታነባለች።

"ልክ ነው።"

ጓ፣ ጓ።

"ልክ ነው።"

ከበሮው ውስጥ የነበሩት አራቱ ልክ ነበሩ። ከሣጥኑ አሥር ወጣ፣ ሃያ ወጣ፣ ሠላሳ ወጣ። ሁሉም ልክ ነው። ውድድሩ ለምሳ ተቋርጦ ሰዎቹ የአጋዘን ቋሊማቸውንና የባቄላ ወጣቸውን በወረቀት ሳሕን ይዘው መኪናውን ከበቡ። ቨርን በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

"እንዴት ነው? የሱቅ ጥይት አንድ ካርቶን ልሽጥልህ?"

"ሂድ ወጥህን ብላ" አለ ሮልፍ። ቢሰድበውም ደስ አለው።

አርባኛው ሲያልፍ ዳርላ መዶሻውን ጉቶው ላይ አስቀመጠችና ክንዷን አሸች። "ሮልፍ፣ ምናልባት ምንም የለም። ምናልባት ባሩዱ መስፈሪያው ውስጥ ተጣብቆ ቀርቶ ይሆናል።"

ሮልፍም ይህን ማሰብ ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ሲመጣበት ደግሞ ሌላ ነገር አብሮት መጣ። ምንም ካልተገኘ የሁሉንም ምሳ ያበላሸ፣ በአንድ ዓይኑ የሌለ ነገር ያየ ሽማግሌ ሆኖ ይቀራል። አንዲት ቅጽበት ያህል ድርቡ እንዲገኝ ተመኘ። ይህን መመኘቱን ሲያውቅ ከአንገቱ ጀምሮ አላበው።

"ምቺ" አላት።

ሃምሳ ሦስተኛው ላይ መንቀያውን ሲገለብጠው ባሩዱ ወረደ፣ ወረደ፣ አላቋርጥ አለ። አርሊስ ቁጥሩን አላነበበችም። ገበታውን አየች፣ ባሏን አየች። ሮልፍ መስኮቱን ከፍቶ ገበታውን ለዳርላ ዘረጋላት።

ዳርላ ጥቁሩን ክምር ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። "ይቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

"ጨው የምነሰንስ ያህል ናት እኮ።" የቀኝ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ ከፍታ ዘጋች። "ከሣጥኑ ኋለኛ ረድፎች ባንዱ ነበረች። ከምሳ በኋላ ከምተኩሳቸው።"

ሰዎቹ ማኘክ አቁመዋል። ቨርን ሳሕኑን የመኪናው ኮፈን ላይ አኖረ። ማንም "ሮልፍ መዝኖታል" አላለም።

"ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አልሞላም" አለ ሮልፍ። "የመሙያ መሣሪያዎቼንም እሸጣለሁ።"

"ይህን ዛሬ አትወስን" አለች ዳርላ። "ዛሬ ያንተ ውሳኔ አይታመንም።" ቀልድ ይሁን ቁጣ ከድምፅዋ አልለየለትም። ለራሷም አልለየላትም መሰለው። ዞር ብላ ወደ ቨርን ሄደችና እጇን ዘረጋች። "ካርቶኑን አምጣ። እስካሁን የመታሁት አይሰረዝብኝም አይደል?"

"አይሰረዝም" አለ ቨርን። "ግን ሮልፍ መንቀሉን ይጨርስ። የቀሩትንም።"

ሃያ ሰባት ቀርተው ነበር። አርሊስ መታች፣ ሮልፍ አፈሰሰ። ሁሉም ልክ ነበሩ። ባሩዱን ሁሉ አሸዋ ላይ በስሱ በትኖ ውኃ ደፋበት።

ከሰዓት በኋላ ረድፉ እንደገና ተሰለፈ። ዳርላ ከዒላማው ፊት ስትቆም አንገቷን መለስ አድርጋ ጠራችው። ጥይቱ የት እንዳረፈ የሚናገር ተመልካች ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ኋላ ይቆማል። የእሷ ሮልፍ ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ግን በዓይኑ ምክንያት ቀርቶባታል።

"በአንድ ዓይኔ?"

"አንዱ ይበቃል። ወረቀቱ ትልቅ ነው።"

ሄዶ ከኋላዋ ቆመ። ጥይቱ የሱቅ ነው፣ እሱ አልነካውም፣ ያንን ያውቃል። ሽጉጡ ከፍ ሲል ግን ትከሻው አብሮ ከፍ አለ። ጣ ሲል መላ አካላቱ ተኮማተረ። ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ዒላማው አልሄደችም። ወደ እጇ ሄደች።

"የት አረፈ?" አለች ሳትዞር።

"አላየሁትም።"

"ሮልፍ፣ አተነፋፈስህ ይረብሸኛል። ወይ ተንፍስ ወይ ተወው።"

ተነፈሰ። ሁለተኛውን ተኮሰች። እጇን አየ፣ ከዚያ ዒላማውን አየ።

"ዘጠኝ" አለ። "ትንሽ ወደ ግራ።"